ጎጆው ሙሉ፣ ጫጩት የለም፦ የአፖፕካ ሐይቅ አሊጌተሮች ጉዳይ

## ነገሩ የተጀመረው እንዴት ነው

በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ከኦርላንዶ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ፣ አፖፕካ የሚባል ሐይቅ አለ። በ1980ዎቹ የዚህ ሐይቅ አሊጌተሮች እንደ ወትሮው ጎጆ ይሠሩ ነበር። ጎጆው ሲገለጥ ውስጡ እንቁላል አለ። ከሁለት ወር በኋላ ግን የሚጠበቀውን ያህል ጫጩት አይወጣም። አብዛኛው እንቁላል እዚያው ቀርቷል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሊጌተር የአዞ ዘመድ ነው። አፈሙዙ ሰፋ ያለና ዱልዱም ነው። አፉን ሲዘጋ የታችኛው መንጋጋ ጥርሶቹ አይታዩም። የአሜሪካው ዝርያ በ1967 ሊጠፉ ከተቃረቡ እንስሳት ዝርዝር ገብቶ ነበር። ጥበቃ ሲደረግለት በፍጥነት አገገመ፤ በ1987 ከዝርዝሩ ወጣ።

በዚያ መሃል የግዛቱ የዱር እንስሳት ጠባቂዎች አንድ ዕቅድ ያዙ። ከዱር እንቁላል ተሰብስቦ ለአሊጌተር እርባታዎች ይሰጥ የሚል ነው። ለዚያ ደግሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ከአንድ ሐይቅ ስንት እንቁላል ቢወሰድ እንስሳው አይጎዳም? ስለዚህ ከተለያዩ ሐይቆች እንቁላል እየሰበሰቡ ስንቱ እንደሚፈለፈል መቁጠር ጀመሩ። አፖፕካ ጎልቶ የወጣው ያኔ ነው። ልብ በሉ፣ ብክለት ፍለጋ የወጣ ሰው አልነበረም። የእርባታ ስሌት ሲሠራ የተገኘ ነገር ነው።

ጉዳዩን ለመጻፍ የመረጥኩበት ምክንያት ቀላል ነው። የፅንስ እድገት ብዙ ጊዜ የሚነገረን እንደ ባቡር ጣቢያ በተራ ነው፤ ልብ፣ ከዚያ እግር፣ ከዚያ ቆዳ። እንዲህ ሲነገረኝ አንዱም ልቤ ላይ አይቀርም። አፖፕካ ላይ ግን እያንዳንዱን ደረጃ ማወቅ ግድ ሆነ፤ ምክንያቱም ፅንሱ የትኛው ላይ እንደወደቀ ካልታወቀ ምን እንደጣለው አይታወቅም።

## ሐይቁ ምን ደርሶበት ነበር

አፖፕካ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። ስፋቱ 125 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከ1940ዎቹ ጀምሮ በሰሜን ዳርቻው የነበረው ረግረግ ደርቆ ወደ አትክልት እርሻ ተለወጠ፤ 8,000 ሄክታር ገደማ። ማዳበሪያና ፀረ ተባይ የያዘው የእርሻ ውሃ ተመልሶ ሐይቁ ውስጥ ይገፋ ነበር። በተጨማሪም የከተማ ፍሳሽና የብርቱካን ማቀነባበሪያ ዝቃጭ ይገባበት ነበር። ውሃው አልጌ አበቀለ፤ አረንጓዴ ሾርባ መሰለ።

በ1980 ደግሞ ሐይቁ አጠገብ ያለ የኬሚካል ፋብሪካ የፍሳሽ ኩሬው ሞልቶ ፈሰሰ። ፋብሪካው ዳይኮፎል የሚባል ፀረ ተባይ ይሠራ ነበር። ዳይኮፎል የሚሠራው ከዲዲቲ ነው፤ ዲዲቲም አብሮት ነበር። ዲዲቲ በአሜሪካ ከ1972 ጀምሮ የታገደ ነው። ቦታው በ1983 የፌዴራል መንግሥት በቅድሚያ እንዲጸዱ ከዘረዘራቸው የተበከሉ ቦታዎች አንዱ ሆነ።

አሊጌተር የሚቆጠረው በሌሊት ነው። ከጀልባ ላይ ባትሪ ሲበራበት ዓይኑ ቀይ ሆኖ ያንጸባርቃል። በ1980ዎቹ በአፖፕካ የትንንሾቹ ዓይኖች እየጠፉ ሄዱ። የወጣት አሊጌተሮች ቁጥር በ90 በመቶ ገደማ ወረደ። ትልልቆቹ ግን ነበሩ። እናቶቹ አሉ፣ ጎጆው አለ፣ የጠፋው መሃል ላይ ያለው ነው።

## ደህናው እንቁላል ውስጥ ምን ይካሄዳል

የተበላሸውን ለማወቅ ደህናውን ማወቅ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እናት አሊጌተር ቅጠል፣ ሣርና ጭቃ ከምራ ጎጆ ትሠራለች። በሰኔና በሐምሌ መጀመሪያ መካከል እንቁላሏን ትጥላለች። በአማካይ ከ35 እስከ 40 ይሆናል። ከዚያ ትሸፍነዋለች። እንደ ዶሮ አትታቀፈውም። ሙቀት የሚሰጠው የሚበሰብሰው ቅጠልና ፀሐዩ ነው። እሷ አጠገቡ ሆና ትጠብቃለች።

እንቁላሉ ሲጣል ፅንሱ ሥራ ጀምሯል። እናቱ ሆድ ውስጥ ሳለ መከፋፈልና ቅርጽ መያዝ ጀምሮ ነበር። ከተጣለ በኋላ ባለው አንድ ቀን ውስጥ ወደ ላይ ተንሳፍፎ ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ሽፋን ላይ ይለጠፋል። ይህ መለጠፍ ትልቅ ነገር ነው። ዶሮ እንቁላሏን ቀን ከሌት ታገላብጣለች፤ ጫጩቷም ትጠቀማለች። በዶሮ እንቁላል ውስጥ አስኳሉን ግራና ቀኝ ይዘው የሚያሽከረክሩት ነጫጭ ገመዶች አሉ። እንቁላል ስትሰብሩ አይታችኋቸዋል። የአሊጌተር እንቁላል እነሱ የሉትም። የተለጠፈው ፅንስ በግድ ከተገለበጠ ሊቀደድ ወይም በአስኳሉ ሊጨፈለቅ ይችላል። ስለዚህ እንቁላል የሚሰበስብ ሰው ከመንካቱ በፊት እርሳስ ያወጣል። የላይኛው ፊት ላይ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ያ ምልክት እስከ መጨረሻው ወደ ላይ እንደዞረ ይኖራል፤ በጀልባም፣ በመኪናም፣ በማስፈልፈያ ሣጥን ውስጥም።

ፅንሱ ከተለጠፈበት ቦታ ላይ አንዲት ድፍን ነጭ ነጥብ ትወጣለች። የተቀረው ቅርፊት ብርሃን በትንሹ ያሳልፋል፤ ይህች ነጥብ ግን ኖራ የተቀባች ትመስላለች። በቀጣዮቹ ቀናት ነጥቧ ትሰፋና እንቁላሉን ወገቡ ላይ እንደ መቀነት ትዞረዋለች። ከዚያም ወደ ሁለቱ ጫፎች ትስፋፋለች። መቀነቱ የሚነጣው ከሥሩ ያለው ሽፋን ስለሚደርቅ ነው። ሲደርቅ አየር በደንብ ያሳልፋል፤ ኦክስጅን ይገባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ለሰብሳቢው ደግሞ ምልክት ነው። መቀነት ያለው እንቁላል ውስጥ ፅንስ አለ ወይም ነበረ። የሌለው ዘር አልያዘም ተብሎ ወደ ጎን ይቀመጣል። ይህን አባባል አስታውሱት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። ልብ ቀድሞ ይመታል። የደም ሥሮች በቅርፊቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደ ዛፍ ሥር ይዘረጋሉ። ጭንቅላቱ ከሰውነቱ ጋር የማይመጣጠን ትልቅ ነው፣ ዓይኑም እንዲሁ። እግሮቹ መጀመሪያ እንደ መቅዘፊያ ዝርግ ናቸው፤ ጣት ከዚያ ይወጣል። ምግቡ አስኳሉ ነው። አጥንት መጠንከር ሲጀምር ካልሲየም ከቅርፊቱ ይወስዳል። በጎጆው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት አሲድም ቅርፊቱን ከውጭ ይበላዋል፤ ቀዳዳዎቹ ይሰፋሉ። ፅንሱ ከውስጥ፣ ጎጆው ከውጭ ሆነው ያሳሱታል። ጫጩቱ ኦክስጅን አብዝቶ በሚፈልግበትና ሰብሮ መውጣት በሚኖርበት ሰዓት ቅርፊቱ የላላ ይሆናል። ለእኔ ከሁሉም የሚጥመኝ ይህ ነው።

ለጉዳያችን ዋናው ግን ጾታ ነው። አሊጌተር የጾታ ክሮሞሶም የለውም። ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው በእንቁላሉ ሙቀት ነው። 30 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የቆየ ሁሉ ሴት ይሆናል። 33 አካባቢ በብዛት ወንድ ነው። ወደ 35 ሲጠጋ እንደገና ሴት ይበዛል፤ የሚሞተውም ይበዛል። በ1982 የታተመው የመጀመሪያው ሥራ ቀዝቀዝ ካለ ሴት፣ ሞቅ ካለ ወንድ የሚል ነበር። የላይኛው ጫፍ እንደገና ሴት እንደሚሰጥ የታወቀው በኋላ ነው። በ2015 የታተመ ጥናት ደግሞ በፅንሱ የዘር ዕጢ ውስጥ ሙቀት የሚያውቅ ፕሮቲን እንዳለ አሳይቷል።

ሙቀቱ የሚወስነው በማንኛውም ቀን አይደለም። መስኮቱ የሚከፈተው ከዕድገቱ መሃል አካባቢ ነው፤ በ30 ዲግሪ ከሆነ በግምት ከ30ኛው እስከ 45ኛው ቀን። በዚያ መስኮት ውስጥ የዘር ዕጢው ገና ወደ የትም አላዘነበለም። ሙቀቱ የሚለው ነገር ወደ ሆርሞን ይተረጎማል። ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ካለ ወደ ሴት ይሄዳል። ይህ በሙከራ የታየ ነው። ወንድ በሚሰጥ ሙቀት ላይ ያለ እንቁላል ቅርፊቱ ላይ ኤስትሮጅን ቢቀባ ሴት ይፈለፈላል። ሙቀቱ ወንድ እያለ ሆርሞኑ ያሸንፋል።

65 ቀን ገደማ ሲሆን ጫጩቱ እንቁላሉ ውስጥ ሆኖ ይጮኻል። ሌሎቹ ይመልሱለታል። እናት ትሰማና ጎጆውን ትቆፍራለች። ጫጩቱ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ባለች ሹል ነገር ሽፋኑን ይቀድዳል። የተረፈው አስኳል ሆዱ ውስጥ ገብቷል፤ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ስንቁ ነው።

## ችግሩ እንዴት ተፈተሸ

መርማሪዎቹ ፊት ብዙ ተጠርጣሪ ነበር። ጎጆው በጎርፍ ተጥለቅልቆ ይሆናል። ሙቀቱ ተዛብቶ ይሆናል። እናቶቹ አርጅተው ይሆናል። ወይም ውሃው።

የመጀመሪያው ጥሩ እርምጃ ማወዳደሪያ መምረጥ ነበር። በዚያው ፍሎሪዳ ውስጥ ዉድራፍ የሚባል፣ ከብክለት በአንጻሩ የራቀ ሐይቅ ተመረጠ። ከሁለቱም እንቁላል ተሰበሰበ። ሁለተኛው እርምጃ ከዚህም የተሻለ ነበር። የሁለቱም ሐይቅ እንቁላል በአንድ ላቦራቶሪ፣ በአንድ ዓይነት ሁኔታ እንዲፈለፈል ተደረገ። የጎጆው ጉዳይ በዚህ ተዘጋ። አንድ ዓይነት ሙቀት፣ አንድ ዓይነት እርጥበት፣ ጎርፍ የለም፣ እንቁላል ሰርቆ የሚበላ አውሬ የለም። ልዩነቱ ከቀጠለ መንስኤው እንቁላሉ ውስጥ ተቀምጦ የመጣ ነው ማለት ነው።

ልዩነቱ ቀጠለ። ከአፖፕካ ብዙው አልተፈለፈለም። ከተፈለፈሉትም ብዙዎቹ ወዲያው ሞቱ።

ሦስተኛው እርምጃ በሕይወት የተረፉትን መመልከት ነበር። እኔ ብሆን ኖሮ ምናልባት የሞቱት ላይ ብቻ አተኩር ነበር። እነሱ ግን የተረፉትን አሳደጓቸው፤ ስድስት ወር ሲሆናቸው ደማቸውንና የዘር ዕጢያቸውን አዩ። ውጤቱ በ1994 ታተመ። የአፖፕካ ሴቶች ደም ውስጥ ያለው ኢስትራዲዮል፣ ማለትም ዋናው የኤስትሮጅን ዓይነት፣ ከዉድራፎቹ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የእንቁላል ዕጢያቸው ውስጥ አንድ መሆን በሚገባው ከረጢት ብዙ የእንቁላል ሴሎች ታጭቀው ተገኙ። ወንዶቹ ቴስቶስትሮናቸው፣ ማለትም ዋናው የወንድ ሆርሞን፣ ከማወዳደሪያዎቹ ከሦስት እጥፍ በላይ ያነሰ ነበር። በ1996 የታተመ ሌላ ሥራ ደግሞ በሐይቁ የሚኖሩ ወጣት ወንዶች ብልት በአማካይ በ24 በመቶ እንደሚያንስ አሳየ።

ጋዜጦች የያዙት ይህችን የመጨረሻዋን ነው፤ መቼስ ይገባል። ወንዶቹ ወደ ሴትነት ተለወጡ ማለት ግን አይደለም። በዚያ የመሃል መስኮት ዕጢው ሲሠራ የተሳሳተ መልእክት ደርሶታል፤ ወንድ ሆኖ ያልተሟላ ወንድ፣ ሴት ሆና የተዛባች ሴት ሆነዋል።

መልእክቱ ከየት መጣ? ዲዲቲ በሰውነት ውስጥ ሲሰባበር ዲዲኢ የሚባል ነገር ይሆናል። ዲዲኢ ውሃ አይወደውም፣ ስብ ይወዳል። ዓሣው ያጠራቅመዋል፤ አሊጌተሯ ዓሣውን ትበላለች። ለአሥርት ዓመታት ትኖራለች፣ ለአሥርት ዓመታት ታጠራቅማለች። አስኳል ስትሠራ ከሰውነቷ ስብ ትቀዳለች። ዲዲኢውም አብሮ ይቀዳል። ፅንሱ ለሁለት ወር የሚበላው ያንን ነው። ሌላ ምግብ የለውም። ዲዲኢ የወንድ ሆርሞን የሚቀመጥበትን ቦታ እየያዘ ሥራውን እንደሚያግድ በ1995 ታይቷል። በአፖፕካ እንቁላል ውስጥም ዲዲኢና ሌሎች ፀረ ተባዮች ተገኝተዋል።

## የተሳካውና ያልተሳካው

ማወዳደሪያው ሐይቅና የጋራው ላቦራቶሪ ተሳክተዋል። እነሱ ባይኖሩ ክርክሩ እስከ ዛሬ በጎጆ ሙቀት ላይ ይሆን ነበር።

የእንቁላል ምደባው ግን ክፍተት ነበረው። መቀነት የሌለው እንቁላል ዘር እንዳልያዘ ይቆጠር ነበር ብያለሁ። ዘር ካልያዘ ችግሩ የወላጆቹ ነው፤ ዘር ይዞ ከሞተ ችግሩ የፅንሱ ነው። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያየ ምርመራ ይፈልጋሉ። በ2002 የታተመ የዘረመል ሥራ መቀነት ከሌላቸው የፍሎሪዳ እንቁላሎች በአንዳንዶቹ ላይ የአባትን ዘረመል አገኘ። ዘር ይዘው ነበር። መቀነቱ ሊታይ ከመድረሱ በፊት ሞተዋል። የሞተውን ፅንስ «አልነበረም» ብሎ መመዝገብ እንዲህ ቀላል ነው።

አንድ ጥፋተኛ የመፈለጉ ነገርም አልሠራም። የ1980ው ፍሳሽ ታሪኩን ለመንገር ይመቻል፤ ቀን አለው፣ ቦታ አለው። ነገር ግን እርሻዎቹ ለአሥርት ዓመታት ፀረ ተባይ ሲለቁ ነበር። የትኛው ፅንስ በየትኛው እንደተጎዳ ለይቶ መናገር አይቻልም። በኋላ ደግሞ ሌላ ክር ተገኘ። ግሪፊን በሚባል በዚያው አካባቢ ባለ ሐይቅ አዋቂ አሊጌተሮች መሞት ጀመሩ፤ ታያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1፣ አጥሯቸው ነበር። ከተጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ በአልጌ በተሞላ ውሃ የሚበዛ የዓሣ ዓይነት ነው። ዓሣው ይህን ቫይታሚን የሚያፈርስ ኢንዛይም አለው። ታያሚን ያነሰበት እንቁላል የመፈለፈል ዕድሉም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ አስኳሉ መርዝ ስለያዘ ብቻ አይደለም የሚከዳው፤ መያዝ ያለበት ሲጎድለውም ይከዳል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የመጣው ሐይቁን ለማዳን ሲሞከር ነው። መንግሥት እርሻዎቹን ገዛ። ረግረጉ ተመልሶ እንዲመጣ በ1998 ውሃ ተለቀቀባቸው። ዓሣ ገባ፣ ወፎች በብዛት መጡ። ከ1998 መጨረሻ እስከ 1999 መጀመሪያ ባሉት ወራት ከ600 በላይ ዓሣ በል ወፎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ነጭ ፔሊካኖች ነበሩ። አፈሩ ውስጥ የነበረው ፀረ ተባይ በዓሣው በኩል ደረሳቸው። አሊጌተሩ በእንቁላሉ የነገረው ያው መንገድ ነው፤ ከአፈር ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ በላተኛው። ማስጠንቀቂያው ከአሥር ዓመት በላይ በእጅ ነበር።

## ለሌላ ጉዳይ የሚወሰድ

እንቁላል ሳይፈለፈል ሲቀር መጀመሪያ የሚጠየቀው «መቼ ሞተ?» ነው። እንቁላሉን ከፍቶ ደረጃውን መመዝገብ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ሳምንት የሞተ ስለ አያያዝ፣ ስለ መገልበጥ ወይም ስለ እናትየዋ ሊናገር ይችላል። እግርና ቆዳ አውጥቶ የሞተ ስለ ሙቀት፣ ስለ አየር ወይም ስለ አስኳሉ ይናገር ይሆናል። ይህ ለኤሊም፣ ለአዞም፣ ለወፍም ይሠራል። «አልተፈለፈለም» የሚል አንድ ዓምድ ያለው መዝገብ ግን ምንም አይናገርም።

ሁለተኛ፣ የጎጆውንና የእንቁላሉን ጥፋት ለመለየት ርካሹ መንገድ በአንድ ጣሪያ ሥር ማስፈልፈል ነው። ማወዳደሪያ የሌለው ቁጥር፣ የቱንም ያህል ቢያስደነግጥ፣ ከምን አንጻር እንደሆነ አይታወቅም።

ሦስተኛ፣ የተረፈ ማለት ጤነኛ ማለት አይደለም። በአፖፕካ የመፈለፈል መቶኛ ብቻ ቢቆጠር ኖሮ፣ የተፈለፈሉት በሙሉ «ተሳክቷል» ከሚለው ረድፍ ይገቡ ነበር። የዕጢው መዛባት የታየው ስድስት ወር ስለተጠበቀ ነው።

የመጨረሻው የአፈሩ ነገር ነው። የወፎቹ ሞት ከታየ በኋላ ውሃው ተመጥጦ ወጣ። ዳግም ከመልቀቅ በፊት አፈሩ ተመረመረ። በጣም የተበከለው ክፍል አንድ ሜትር ገደማ በሚገባ ግዙፍ ማረሻ ተገለበጠ፤ መርዝ ያለበት የላይኛው አፈር ወደ ታች፣ ንጹሑ ወደ ላይ። ረግረጉ በየክፍሉ፣ ቀስ እየተባለ ነው የተመለሰው። አሊጌተሮቹም ዛሬ እዚያው ዳር ጎጆ ይሠራሉ።